«ብርድ ነው» የሚባለው የአራስ ደረት ሕመም

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ጥርቅም ብሏል። ቤቱ የገንፎና የከሰል ሙቀት ሞልቶታል። አራሷ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። «ደረቴን ይወጋኛል፣ ክንዴም ይዝላል» አለች። ሴቶቹ ባንድ አፍ «ብርድ ነው!» አሏት። በአዳማ ሙቀት ብርዱ በየት እንደገባ የጠየቀ የለም።

ደግነቱ ተመርምራ የጡንቻ ሕመም ሆነ። እንዲህ ባይሆንስ?

«ብርድ መትቷት ነው፤ ላብ ሲወጣላት ይለቃታል»

እውነታው፦ ነፍሰ ጡር ደሟ ቶሎ ይረጋል። ስትወልድ ብዙ ደም እንዳይፈሳት የሚያግዝ ነገር ነው። ይህ ባሕርይ ግን ከወሊድ በኋላም 6 ሳምንት ያህል ይቆያል። የረጋው ደም ብዙውን ጊዜ እግር ላይ ይጀምርና ሳንባ ድረስ ይሄዳል። ያኔ አየር ስትስብ ይወጋታል፣ ትንፋሿ በድንገት ያጥራል፣ አንዳንዴም ደም ያስላታል። አንዱ ባቷ ብቻ ካበጠና ካመማት ደረቷ እስኪወጋት አትጠብቁ።

«አራስ ከአልጋ አትነሣም»

እረፍት ጥሩ ነው። ቀኑን ሙሉ መተኛት ግን ደም እንዲረጋ ያግዛል፣ በተለይ በኦፕራሲዮን ለወለደች። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትበል።

«ልብ? በዚህ ዕድሜዋ?»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስኳር፣ ግፊት፣ ኮሌስትሮል የሌለባት ወጣት እናትም የልብ ደም ስሯ ግድግዳ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቁ የደሙን መንገድ ያጠበዋል ወይም ይዘጋዋል። ብዙ ጊዜ ባይገጥምም፣ ከወሊድ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ከሚታይባቸው ጊዜያት ናቸው። ደረቷን ይጫናታል፣ ወደ ክንዷ፣ ወደ መንጋጋዋ ወይም ወደ ጀርባዋ ይሄዳል። ግራ ክንድ ብቻ መሆን የለበትም። ላብ ያጠምቃታል፣ ያቅለሸልሻታል። የመጀመሪያው የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) ደህና ቢመስልም የደም ምርመራ ጠይቁ።

ሌላም አለ። ከእርግዝናው የመጨረሻ ወር እስከ ወሊድ በኋላ 5 ወር ድረስ የልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል። ጋደም ስትል ትንፋሽ ካጠራትና እግሮቿ ካበጡ «የአራስ ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት።

«ጨጓራ ነው፣ ገንፎው ከብዷት»

ሊሆን ይችላል። ግን ከደረቷ በታች በቀኝ በኩል ካመማት፣ ራሷን ከፈለጣትና ዓይኗ ብዥ ካለባት ግፊቷን አስለኩ። ከወለደች በኋላም ግፊት ይነሣል፣ በእርግዝናዋ ደህና የነበረች ብትሆንም። መለካቱ ደቂቃ አይፈጅም።

«ጡት ማጥባት ነው»

ይሄኛው ብዙ ጊዜ እውነት ነው! ልጅ ላይ አጎንብሶ መዋል ትከሻና ክንድ ያሳምማል፤ ትራስ ይደገፍላት። ጡቷ ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ትኩሳት ከመጣ ሕክምና ትሂድ፤ ማጥባቱን ግን አታቁም።

ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከተጫናት 907 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ከዘገየ ያገኛችሁትን መኪና ያዙ። እንደደረሳችሁ መጀመሪያ የምትናገሩት ይህ ይሁን፦ «ከወለደች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።» ካልነገራችኋቸው ላይጠይቋችሁ ይችላሉ።