የኪስ መከላከያና ኪስ አውላቂ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኪስ አውላቂ የሚሠራው ሰው በሚጋፋበት ቦታ ነው፦ የሚኒባስ ታክሲ በር ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆመው በሚሄዱበት መተላለፊያ፣ መርካቶ ጠባብ መንገዶች ላይ፣ በጥምቀት ጃንሜዳ ዙሪያ። ግፊያው ሲበርድ ዕድሉ ያልፍበታል፤ ያለው ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የኪስ መከላከያ የሚመዘነው በሁለት ጥያቄ ነው። ሌባው ዕቃውን ለማውጣት ስንት ተጨማሪ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል? ባለቤቱስ በየቀኑ፣ በየታክሲው፣ ሳይሰለች ይዘጋዋል? ሁለተኛውን ጥያቄ የማያልፍ መከላከያ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ከተራ ኪስ አይሻልም።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይለይ። እዚህ የሚወራው ሳይሰማ ስለሚወስደው ኪስ አውላቂ ነው። ማጅራት መቺ ወይም ቢላዋ የያዘ ሰው ሲገጥም ዚፕም ገመድም አይረዳም፤ ዕቃውን ሰጥቶ ነፍስን ማትረፍ ይቀድማል።

«ኪሴ ዚፕ አለው፤ ስለዚህ ችግር የለም»

ዚፕ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ግን ሁሉም ዚፕ አንድ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ተንሸራታቿ ብረት ላይ ነው። አንዳንዷ ከውስጥ ትንሽ ጥርስ አላት፤ ጭራዋ ካልተነሣች ባለችበት ትይዛለች። ሌላዋ ጥርስ የላትም፤ የዚፑን ሁለት ጎን በሁለት ጣት ሳብ ሲያደርጉት ራሷ ትንሸራተታለች። ጃኬት ወይም ሱሪ ከመግዛትዎ በፊት ይሞክሩት፦ ዚፑን እስከ ግማሽ ይዝጉ፣ ጭራውን ሳይነኩ ሁለቱን ጎን ወደየአቅጣጫው ይሳቡ። ከተከፈተ ያ ዚፕ ለጌጥ እንጂ ለጥበቃ አይሆንም፤ ልብስ ሰፊ ተንሸራታቿን ብቻ በምትይዝ ሊለውጥልዎ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ዚፑ የተሰፋበት ቦታ ነው። በኪሱ አፍ ላይ በግልጽ የሚታይ ዚፕ ለሌባው ሁለት ነገር ይነግረዋል፤ ዕቃው የት እንዳለና ከየት ወደየት እንደሚከፈት። የሚሻለው ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ በኪሱ ከረጢት ውስጥ የሚሰፋ ዚፕ ነው። ከውጭ ሲታይ ኪሱ ተራ ኪስ ነው። እጁን የሰደደ ሰው ዚፑን የሚያገኘው ጣቶቹ ከገቡ በኋላ ነው፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ጭራውን ፈልጎ ለመሳብ እጁን ማጠፍ አለበት፣ ያኔ ደግሞ ባለቤቱ ይሰማዋል።

ለልብስ ሰፊ የሚነገረው ይህ ነው። ኪሱ ይገለበጣል፣ የከረጢቱ የጎን ስፌት ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተረተራል፣ የዚፑ አንድ ጎን ከፊተኛው ጨርቅ፣ ሌላው ከኋለኛው ጨርቅ ጋር ይሰፋል፣ ከዚያ ሁለቱ ጫፎች በጎን ስፌቱ ውስጥ ገብተው ይያዛሉ። ጫፎቹ ካልተያዙ በዳር በኩል ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይቀራል፤ ብዙ ሰፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዚፑ ቁጥር 3 የናይለን ይሁን። የብረት ዚፕ የስልክ መስታወት ይቧጭራል፣ የእጅን ቆዳም ይልጣል፤ የሚያስቸግር ዚፕ ደግሞ ሳይዘጋ ይውላል። ጥልቀቱንም ይለኩ። የአሁን ስልክ ብዙውን ጊዜ ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚፑ በታች ቢያንስ 18 ሴንቲ ሜትር ካልተረፈ ዚፑ ስልኩን እየነካ አልዘጋ ይላል።

ከረጢቱ ራሱም ይታይ። የብዙ ሱሪ ኪስ የሚሰፋው ከስስ ጨርቅ ነው፤ ቁልፍ ሲበሳው ይውላል፣ ከታች ተቀዶ ዕቃው በእግር በኩል ቢወርድ ሌባ አያስፈልግም። በአቡጀዲ ወይም በካኪ ማስደረብ ትንሽ ሥራ ነው፤ ዚፑ ሲገባ አብሮ ይሠራል።

«የፊት ኪስ አይነካም፤ የሚሰረቀው የኋላ ኪስ ነው»

የኋላ ኪስ ከሁሉም የባሰ መሆኑ እውነት ነው። የፊት ኪስ ግን የሚጠብቀው ጠባብና ወደ ጎን ያልተንጋደደ አፍ ሲኖረው ነው። የሙሉ ልብስ ሱሪ ኪስ አፉ ተንጋዶ ወደ ጎን ይከፈታል። ባለቤቱ ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ ጭኑ ስለሚታጠፍ አፉ ይበልጥ ይከፈታል፣ ስልኩም ቀስ እያለ ወደ ወንበሩ ይንሸራተታል። ጎን ለጎን ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ሚኒባስ ውስጥ እንዲህ የወጣ ስልክ ማንሣት ጥበብ አይጠይቅም። የጂንስ የፊት ኪስ ሲቆሙ ይሻላል፤ ጨርቁ ወፍራም ነው፣ አፉም ወደ ላይ ነው።

የኮት የውስጥ ኪስም ተመሳሳይ ችግር አለው። ኮቱ ካልተቆለፈ አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ክንዱ ላይ ባደረገው ጃኬት ወይም በያዘው ካርቶን ከልሎ ሲጠጋ፣ የተከለለው እጅ ደረት ላይ ይደርሳል። ኮቱን መቆለፍ በራሱ አንድ መከላከያ ነው፤ ምንም አያስወጣም።

«እጁን ሲያስገባ ይሰማኛል»

አይሰማም፤ ይህ እምነት ከሁሉም በላይ ሰው ያዘናጋል። ትከሻ ላይ ጠንከር ያለ ግፊያ ሲኖር፣ ጭን ላይ የሚያርፍ ቀላል ንክኪ ይዋጣል። ኪስ አውላቂዎች ሁለት ሦስት ሆነው የሚሠሩት ለዚህ ነው፦ አንዱ ከፊት ድንገት ይቆማል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል፣ ሦስተኛው ይመዛል፣ ወዲያውም ለሌላ ያቀብላል። ግፊያው ለምን እንደመጣ ባለቤቱ ሲያስብ ዕቃው ሄዷል። ድንገት ልብስ ላይ የተደፋ ነገር፣ እግር ሥር የተበተነ ሳንቲም፣ ያለ ምክንያት የተነሣ ጭቅጭቅ ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ ትኩረትን ከኪስ ማራቅ።

እዚህ ላይ ርካሹ መሣሪያ ጎማ ላስቲክ ነው። ሰፋ ያሉ ሁለት ላስቲኮች የኪስ ቦርሳው ላይ በመስቀል ሲጠመጠሙ፣ ለስላሳው ቆዳ የነበረው መንሸራተት ይጠፋል። ቦርሳው ሲሳብ የኪሱን ጨርቅ ይዞ ይሳባል፤ ያ ጉተታ ይሰማል። ላስቲክ ሲሰነጣጠቅ ይቀየር፣ የደረቀ ላስቲክ አይዝም።

«መርፌ ቁልፍ የገጠር ነገር ነው፤ ዛሬ አይሠራም»

ይሠራል፤ ከብዙ የሚሸጡ መከላከያዎችም ይበልጣል። መርፌ ቁልፍ ለመክፈት ሁለት ጣት፣ ማየትና ጊዜ ያስፈልጋል፤ ሦስቱም ሌባው የሌሉት ነገሮች ናቸው። አሰካኩ ግን ወሳኝ ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይመረጥ። ከኪሱ አፍ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከውስጥ በኩል፣ አግድም ይሰካ። የኪሱን ሁለት ከረጢት ጨርቆች ብቻ ይያዝ። የውጭውን የሱሪ ጨርቅ ከወጋ ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ቀዳዳውም እየሰፋ ይሄዳል፣ ይባስ ብሎ መርፌው ያለበትን ቦታ ያሳያል። አፉ ሰፊ ከሆነ ሁለት ይደረግ፣ በመካከላቸው ከሦስት ጣት በላይ ክፍተት አይተው።

ድክመቱም ይታወቅ። በቀን አሥር ጊዜ ለሚወጣ ስልክ አይሆንም፤ ሰው ከሁለተኛው ቀን በኋላ ይተወዋል። ለፓስፖርት፣ ለመታወቂያ፣ ለደመወዝ ቀን ብር ግን የሚተካከለው ጥቂት ነው።

የእናቶቻችን መቀነት ያንኑ ሕግ ይከተላል። በቋጠሮ የታሰረ ብር ወገብ ላይ ተጠምጥሞ ይውላል፤ ማንም ሳይፈታው አይወስደውም፣ መፍታቱ ደግሞ ሳይሰማ አይሆንም። በነጠላ ጫፍ የሚቋጠረው ግን ሌላ ነው። ጫፉ ተንጠልጥሎ ስለሚውል ከኋላ የቆመ ሰው በምላጭ ሊያስቀረው ይችላል፤ በክብረ በዓል ግፊያ ውስጥ ቋጠሮው ወደ ፊት ተመልሶ በክንድ ሥር ይያዝ።

«ቬልክሮ ሲከፈት ስለሚጮህ ሌባው አይደፍረውም»

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይጮኻል። ወያላ እየተጣራ፣ ሞተር እየጮኸ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ ድምፁ ማንም ጋ አይደርስም። ቬልክሮን ቀስ እያሉ ከዳር በመላጥ ድምፁን መቀነስም ይቻላል። በዚያ ላይ የመንጠቆው ጎን ክርና ፀጉር ሲሞላ አይዝም፤ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ካልተጸዳ በወራት ውስጥ ይደክማል። ከጀርባው ሙጫ ያለው ዓይነት ደግሞ ከመታጠቢያ ሲወጣ ይላቀቃል፤ ዙሪያው በክር የተሰፋ፣ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ መሆን አለበት። ለብቻው ሳይሆን ዚፑን የሚከድነው ክዳን ላይ ሲገባ ጥሩ ነው።

«ስልኬ በገመድ ታስሯል፤ ከእንግዲህ አይወሰድም»

ገመድ ወይም የሚለጠጥ የሽቦ ማሰሪያ በኪስ አውላቂ ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ስልኩ ወጥቶም ባለቤቱ ጋ ይቀራል። ሁለት ነገር ግን ያበላሸዋል። አንደኛው የሚታሰርበት ቦታ ነው። የሱሪ ቀበቶ ማስገቢያ ላይ ይታሰር፤ ኪሱ ጨርቅ ላይ ከታሰረ ጨርቁ ይቀደዳል። የስልኩ መያዣም ለስላሳ ላስቲክ ከሆነ ሲሳብ ስልኩን ለቆ ራሱ ይቀራል፤ ጠንካራ መያዣ ይፈለግ። ሁለተኛው አደጋ ነው። ማሰሪያው አንገት ላይ ከዋለና ከመኪና ወይም ከሞተር ላይ የተቀመጠ ነጣቂ ከሳበው፣ የሚጎተተው ሰውየው ነው። አንገት ላይ የሚውል ማሰሪያ ኃይል ሲበዛበት ራሱ የሚላቀቅ ማያያዣ ከሌለው አይጠቀሙበት።

«ምላጭ የማይቆርጠው ጨርቅ መግዛት ግድ ነው»

በጨርቅ ውስጥ የተሰፋ የብረት መረብ ለቦርሳና ለማንገቻው ይጠቅማል። ለልብስ ኪስ ግን ይከብዳል፣ ይጎረብጣል፣ ሲታጠብም ይጣመማል። በምላጭ የሚቀደደው ከውጭ የሚታይና የተወጠረ ኪስ ነው። ኪሱ ከገበሩ ውስጥ፣ ወደ ሰውነት በኩል ከሆነ፣ ምላጩ ሁለት ሦስት ድርብ ጨርቅ መቅደድ አለበት፤ ከዚያም በኋላ ዕቃው ሰውነትና ጨርቅ መሃል ነው ያለው።

«ካርድ በሞገድ ይሰረቃል፤ መከላከያ ቦርሳ ያስፈልጋል»

ይህ በተለይ አውሮፓ፣ አሜሪካና ባሕረ ሰላጤው ላሉ ወገኖች በብዛት የሚሸጥ ፍርሃት ነው። ሳይነካ የሚከፍል ካርድ በ13.56 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል፤ የሚነበበው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ነው። ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ ስለሚፈጥር፣ የተቀዳው መረጃ ሌላ ካርድ ለመሥራት አይበቃም። ሁለት እንዲህ ያሉ ካርዶች ተደራርበው ሲቀመጡ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንዱ የሌላውን ንባብ ያውካል። ሌባው ካርዱን ራሱን ቢወስድ ይቀለዋል። ለቦርሳው የሚወጣው ገንዘብ ለዚፕ ይዋል።

«ማንቂያ ደወልና መከታተያ ሌባውን ያስይዛል»

ሲሳብ የሚጮህ ትንሽ ደወል ከዕቃው ጋር በክር ይያያዛል። በባለቤቱ እጅ በስህተት ደጋግሞ ስለሚጮህ ብዙ ጊዜ በሳምንት ውስጥ ክሩ ይፈታል። ኤርታግን (የአይፎን ሠሪው አፕል የሚሸጠውን ትንሽ መከታተያ) የመሰሉ መከታተያዎች የራሳቸው ጂፒኤስም ሲምም የላቸውም፤ ያሉበትን የሚናገሩት በአቅራቢያ ባለ የሌላ ሰው ስልክ በኩል ነው። አይፎን በጥቂቱ በሚገኝበት ሰፈር ዝም ይላሉ። አንድሮይድ በ2024 ያመጣው የስርቆት መቆለፊያም የሚነቃው ስልክ ተነጥቆ ሲሮጥበት ነው፤ ቀስ ብሎ ከኪስ ሲወጣ አይደለም። ማብራቱ አይጎዳም፤ ኪስ ይጠብቃል ብሎ ማመኑ ነው የሚጎዳው።

«ኪስን በየጊዜው መዳበስ ጥንቃቄ ነው»

መዳበስ ለሚያይ ሰው ቦታውን ማሳየት ነው። «ከሌባ ይጠንቀቁ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ሁሉ እጁን የሚሰድደው ውድ ዕቃው ወዳለበት ኪስ ነው። በግፊያ ውስጥ ክንድን ኪሱ ላይ ጠበቅ አድርጎ ማሳረፍ ይበቃል። የታክሲ ሂሳብ ቀድሞ ተቆጥሮ በሌላ ኪስ ይቀመጥ፤ ሌሎች በሚያዩበት ትልቁን ብር ማውጣት አይኖርም።

«ስልኩ ከሄደ ኪሳራው የስልኩ ዋጋ ነው»

ብዙ ሰው ገንዘቡ ያለው ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በሲም ካርዱ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ያምናሉ። ሲሙ በሌላ ስልክ ከገባ መልእክቱ ሌባው ጋ ይደርሳል። የሲም ፒን፣ ማለትም የሲሙ መቆለፊያ ቁጥር፣ ይብራ፤ ስልኩ ተዘግቶ በተከፈተ ወይም ሲሙ ሌላ ስልክ ውስጥ በገባ ቁጥር ይጠይቃል፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይቆለፋል። ስልኩ ሳይጠፋ *#06# ተደውሎ የሚወጣው ባለ15 አኃዝ የስልኩ መለያ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ቤት ይቀመጥ። ከጎኑ የኢትዮ ቴሌኮም 994 እና የባንኩ የደንበኞች መስመር ይጻፉ። ስልኩ ሲጠፋ መጀመሪያ ሲሙ ይዘጋ፣ ቀጥሎ የቴሌብርና የባንክ አገልግሎቱ ይታገድ፣ ከዚያ የስልኩ መለያ ቁጥር ተይዞ ወደ ፖሊስ ይኬድ።