ስለ ለውዝ አቆላልና አቀቃቀል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባህር ዳር ውስጥ አመሻሽ ላይ ጣና ዳር ወክ የወጣ ሰው ለውዝ ሳይቆረጥም አይመለስም። ፆም ሲገባ ደግሞ ለውዝ ሻይ ሆኖ ቁርስ ላይ ይቀርባል። ይህን ያህል የምንወደው ነገር ግን ቤት ውስጥ ሲሠራ ከጎረቤት ጎረቤት በሚዞር ወሬ ይበላሻል። አብዛኛው ወሬ ጣዕሙን ብቻ ነው የሚያበላሸው። አንዳንዱ ግን ጤና ይነካል፤ ከሱ ልጀምር።

«የሻገተ ለውዝም ቢሆን እሳት ያድነዋል»

አያድነውም። ይህን ለውዝ የሚቆላ ሰው ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የለውዝ አበባ የሚወጣው ከመሬት በላይ ነው። ከዚያ ከአበባዋ ሥር የምትወጣ ቀጭን ዘንግ ወደ ታች ታድግና አፈር ውስጥ ትገባለች፤ ፍሬው የሚያድገው እዚያው ነው። አስፐርጂለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታም አፈር ውስጥ ይኖራል። ለውዙ በደንብ ሳይደርቅ ከተከማቸ ሻጋታው ይራባና አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል።

መርዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች ከ100,000 በላይ ካለቁ በኋላ ነው። መኗቸው ውስጥ ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ነበረበት። ፋጉሎው ተበክሎ ነበር።

እሳት ሻጋታውን ይገድላል። ትቶት የሄደው መርዝ ግን ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ከ250 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ለውዙ እዚያ ሳይደርስ ከሰል ይሆናል። መቁላት መጠኑን ይቀንስ ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። በትንሽ በትንሹ ለዓመታት ሲበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ምድጃው ሳይለኮስ ነው። ለውዙን ሰፌድ ላይ ዘርግፉና ብርሃን ያለበት ቦታ ቁጭ በሉ። ጥሩ ፍሬ ሙሉ ነው፤ ሽፋኑ የተወጠረ፣ ቀለሙም አንድ ዓይነት ነው። የተሸበሸበውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበሳውን፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ብናኝ የያዘውን ለቅማችሁ አውጡ። ከዚያ ጥቂት ፍሬዎችን ለሁለት ክፈሏቸው። አንዳንዴ ውጩ ጥርት ብሎ፣ በሁለቱ ክፋይ መሀል ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ሻጋታው ተደብቆ ይገኛል። እንዲህ ያለው ከበዛ ሙሉውን መጣል ነው። ያሳዝናል፣ ግን ሌላ መላ የለውም። ስትበሉም አንዷ ፍሬ ከመረረቻችሁ አትዋጧት፤ ትፉት።

«የተለቀመው ለዶሮ ይሰጥ»

ዶሮም ጉበት አላት። ለላምም አይሆንም፤ የበላችው መርዝ በከፊል በወተቷ ይወጣል። ሰውም እንስሳም የማያገኘው ቦታ ይጣል።

«ከታጠበ ይጸዳል»

ውሃ አቧራውን ይወስዳል። ፍሬው ውስጥ የገባውን አይነካም። ይባስ ብሎ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ ከተቀመጠ አዲስ ሻጋታ ይጋብዛል። በሐምሌና በነሐሴ እኛ ጋ ፀሐይ ብርቅ ናት፤ እርጥቡን ለውዝ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ ያኔ ትልቅ ጥፋት ነው። ስትገዙ ድርቀቱን እዩ። ከነቅርፊቱ ከሆነ ጆሯችሁ ጋ አስጠግታችሁ ነቅንቁት፤ የደረቀው ውስጡ ይንኳኳል። የተፈለፈለው ደግሞ ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት።

«እሳቱ ሲበረታ ቶሎ ይደርሳል»

ቶሎ የሚደርሰው ሽፋኑ ነው። ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ጥሬ ይላል። ለውዝ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ሙቀት ከያዘ ቶሎ አይለቅም። በረድ ያለ ከሰል ላይ ምጣዱን ጣዱ። ለውዙ አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይደራረብ ሳሳ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከዚያ ማማሰያው ከእጃችሁ አይውጣ፤ ስልክ መጣ ብሎ ዞር ማለት የለም። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጠጠጥ ማለት ይጀምራል፤ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል።

መድረሱን በቀይ ሽፋኑ አትለኩ። አንዷን አውጥታችሁ በጣታችሁ እሹት፤ ሽፋኑ በቀላሉ ከለቀቀና ውስጡ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ ከሆነ አውርዱት። ትንሽ ቀረው ስትሉ ነው መውረድ ያለበት። ከወረደ በኋላም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ወዲያው ሰፌድ ላይ ካልተዘረጋ ምጣዱ ላይ እንዳለ ያርርባችኋል። ኦቭን ያለው ሰው በ175 ዲግሪ በተመሳሳይ ደቂቃ ያደርሰዋል፤ እሱም ቢሆን መሀል ላይ መገላበጥ አለበት።

«ትኩሱ ለስለስ ካለ ገና ነው»

ትኩስ ለውዝ ሁሌም ለስለስ ይላል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ሲቀዘቅዝ ነው። በዚህ ስህተት ተመልሶ ምጣድ ላይ ወጥቶ ያረረው ለውዝ ብዛቱ! ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝም ዕቃ ውስጥ አትክደኑት፤ ያልበውና ይልፈሰፈሳል።

«ጨው የሚነሰነሰው መጨረሻ ላይ ነው»

ደረቅ ጨው ደረቅ ለውዝ ላይ አይይዝም፤ ሳህኑ ሥር ይቀራል። ጨውን በጥቂት ሙቅ ውሃ አሟሙ፣ ጥሬውን ለውዝ ረጨት አድርጋችሁ እሹት፣ ውሃው መጠጥ እስኪል ጠብቁና ቁሉት።

«ቅቅሉም እሳት ሲጨመርበት ይፈጥናል»

እዚህ ላይ የምንኖርበት ከፍታ ራሱ መልስ አለው። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፈላ በኋላ የፈለጋችሁትን ያህል ከሰል ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። የሚያፈጥነው መዘፍዘፍ ነው። የደረቀ ለውዝ ከነቅርፊቱ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። እንዲያም ሆኖ ተራ ድስት ላይ 3 እና 4 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ከማሳ የመጣ እርጥብ ለውዝ ግን ብዙ አያስቸግርም። ፕሬሸር ያለው ሰው በጣም ያሳጥረዋል፤ ታፍኖ ስለሚፈላ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋል።

ሲበስል ቶሎ አታጥልሉት። ጨው ባለው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ፤ ጨው በቅርፊቱ አልፎ ፍሬው ጋ የሚደርሰው ያን ጊዜ ነው። የተቀቀለው እንደ ተቆላው አይከርምም፤ የዛሬው ዛሬ ይበላ፣ የተረፈው ፍሪጅ ይግባ።

«ዘይት የተንሳፈፈበት የለውዝ ቅቤ ተበላሽቷል»

አልተበላሸም። ዘይቱ የራሱ ነው፤ አማስሉትና ተጠቀሙበት። የከረመ ዘይት ሽታ ሲያመጣ ያኔ ይጣላል።

«ለውዝ ኮሌስትሮል አለው»

የለውም። ኮሌስትሮል ያለው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ ነው። ለውዝ ፕሮቲኑ ሩብ ያህል ስለሆነ ለፆመኛ ትልቅ ነገር ነው። ግን 100 ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ አለው፤ ክብደት የሚቀንስ ሰው ልኩን ይወቅ።

«ልጅ ጥርስ ካበቀለ ለውዝ መቆርጠም ይችላል»

ጥርስ ማብቀል ብቻ አይበቃም። ሙሉ ፍሬ ትንፋሽ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ሊያንቅ ስለሚችል ዕድሜው ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥ። ተፈጭቶ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ገንፎው ላይ ጠብ ሲደረግለት ግን ጥሩ ምግብ ነው። መጀመሪያ ቀን ጥቂት ብቻ አቅምሱት። ፊቱ ካበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍ ካለበት ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት።