«እኛ ጋ የግዳጅ ሥራ የለም»፦ ስለ ጅማ ቡና አቅርቦት የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ዙሪያ ቡና ሲቀላ ሰው ይፈለጋል። ጎማ፣ ሊሙ ኮሳ፣ ማና፣ ጌራ የተባሉት ወረዳዎች ሁሉም በአንድ ሰሞን ለቃሚ ይሻሉ። የአካባቢው ጉልበት ስለማይበቃ ከዳውሮና ከሌሎች አጎራባች አካባቢዎች በመኪና ተጭኖ የሚመጣ አለ። የቡና ላኪዎችና ማኅበራት ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ከውጭ ገዢ የተላከ መጠይቅ ይደርሳል፤ «በአቅርቦት ሰንሰለታችሁ ውስጥ የግዳጅ ሥራ ወይም በሰው መነገድ አለ?» የሚል። ብዙ ሰው «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ በደንብ ስላልተነገረው ነው። እስቲ የተለመዱትን አባባሎች አንድ በአንድ እንያቸው።

«የግዳጅ ሥራ ማለት ሰው ታስሮ፣ ተገርፎ ሲሠራ ነው»

ይህ ሥዕል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የጅማው ሂርማታ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰውም የሚሸጥበት ነበር። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የቤተሰብ ትዝታ ሊደርስበት የሚችል ጊዜ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 29 ግን ገና በ1930 እ.ኤ.አ. ሰፋ ያለ ትርጉም ሰጥቶታል፦ ሰው ቅጣት ፈርቶ፣ ያለ ነፃ ፈቃዱ የሚሠራው ሥራ ሁሉ የግዳጅ ሥራ ነው። ቅጣቱ የግድ ዱላ መሆን የለበትም። የሠራበትን ገንዘብ መያዝም፣ መታወቂያውን መያዝም፣ «ፖሊስ እጠራብሃለሁ» ማለትም ቅጣት ነው። ድርጅቱ ባወጣው ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 27.6 ሚሊዮን ሰዎች በግዳጅ ሥራ ውስጥ ነበሩ። ከእነዚህ 17.3 ሚሊዮኑ በእርሻ፣ በፋብሪካ፣ በግንባታ፣ በቤት ሠራተኝነትና በመሳሰሉት የግል ሥራዎች ላይ ነበሩ።

«ቅድሚያ ብር መስጠት ውለታ ነው፤ ምን ችግር አለው?»

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር። ሰው ሳይታሰር የሚታሰርበት ዋናው መንገድ ዕዳ ነው። ቅድሚያ በራሱ ክፉ አይደለም። ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ሰው ለቤተሰቡ የሚተወው ብር ያስፈልገዋል። ችግሩ ያለው ዕዳው የሚጻፍበት ደብተር ላይ ነው።

እንዲህ ብላችሁ አስቡት። ካቦው፣ ማለትም ለቃሚዎችን ሰብስቦ የሚያመጣውና የሚያሠራው ሰው፣ ለአንድ ወጣት 1,500 ብር ሰጥቶ ያመጣዋል። ደብተሩ ላይ መጀመሪያ ያ ብር ይጻፋል። ከሥሩ የመኪና፣ ከዚያ የደላላ ይጻፋል። ካምፕ ሲደርስ በቆሎ ዱቄት፣ ጨውና ሳሙና ከካቦው በዱቤ ይወስዳል። ገበያው ሩቅ ስለሆነ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ዋጋውም አጋሮ ከተማ ላይ ከሚሸጥበት በላይ ነው። ማታ የለቀመው ቡና ይመዘናል። ሚዛኑን የሚያነበው ካቦው፣ የሚጽፈውም ካቦው ነው። ለጆንያው፣ ለእርጥበቱ፣ ያልቀላ ፍሬ ገብቶበታል እየተባለ ኪሎ ይቀነሳል። ልጁ በሁለተኛው ወር «ልሂድ» ሲል «መጀመሪያ ዕዳህን ጨርስ» ይባላል። መታወቂያው ደግሞ «እንዳይጠፋብህ» ተብሎ ካቦው ጋ ተቀምጧል። ማንም እጁን አላነሳበትም። መሄድ ግን አይችልም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወይም እርሻ ያለው ሰው መጠየቅ ያለበት «ዕዳ ያለበት አለ ወይ?» ብቻ አይደለም። ዕዳውን የሚጽፈው ማን ነው? ለቃሚው የራሱ የሒሳብ ካርድ በእጁ አለው? ሚዛኑ እሱ በሚያየው ቦታ ነው? ነገ ልሂድ ቢል የሚከለክለው ማን ነው? የመኪናና የደላላ ወጪም የአሠሪው ወጪ ይሁን። ሰው ሥራ ለማግኘት መክፈል የለበትም። በእኔ እምነት ሌላው ሁሉ ቀርቶ ይህ አንዱ ነገር ቢስተካከል፣ የደብተሩ ግማሽ ባዶ ይሆናል።

«ወዶ ነው የመጣው፤ ፈርሟል»

ወዶ መምጣቱ እሺ፣ ወዶ መቆየቱን ማን ጠየቀው? በ2000 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የፀደቀው፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ሰውን ለመበዝበዝ ማታለል ወይም ማስፈራራት ከተፈጸመ የተበዳዩ «እሺ» ማለት ለበዳዩ መከላከያ እንደማይሆን ይናገራል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅማ ጭራሽ ማታለሉን ማሳየት አያስፈልግም፤ ለብዝበዛ ተብሎ መመልመሉ ወይም መጓጓዙ ይበቃል። በአገራችን ሕግ ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቀጠር የለበትም። ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም።

«በሰው መነገድ ማለት ዓረብ አገር መላክ ነው»

ከጅማ ብዙ እህቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ስለሚሄዱ ቃሉ ሲነሳ ሐሳባችን ወዲያው ወደዚያ ይሄዳል። ሕጉ ግን ድንበር መሻገርን አይጠይቅም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አገር ውስጥ የሚፈጸመውንም ይጨምራል። ከአንድ ወረዳ ወደ አጎራባች ወረዳ በውሸት ተስፋ ተወስዶ የተበዘበዘ ሰው ተነግዶበታል።

«ለቃሚዎቹ የእኔ አይደሉም፣ የካቦው ናቸው»

ቡናው ግን የእርስዎ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጡት የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የሰብአዊ መብት መርሆዎች፣ ድርጅት አብረውት በሚሠሩ ሰዎች በኩል ከምርቱ ጋር የተያያዘ ጉዳት እንዳይደርስ እንዲሠራ ይጠብቁበታል።

«ሰርተፊኬት አለን፣ ኦዲት አልፈናል»

በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ካራቺ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። ፋብሪካው ኤስኤ8000 የተባለውን የሠራተኛ አያያዝ ሰርተፊኬት ያገኘው ከሳምንታት በፊት ነበር። በመስኮትና በበር መውጣት አቅቷቸው ነው ያለቁት። ይህን ያነበበ ሰው ወረቀት አይቶ ብቻ እንዴት ይረጋጋል?

የቡና ነገር ደግሞ ከፋብሪካም ይከብዳል። ለቀማው የሁለትና የሦስት ወር ነው። ኦዲተሩ በመጋቢት ቢመጣ የሚያገኘው ዘበኛውን፣ የሒሳብ ሠራተኛውንና ባዶ የማድረቂያ አልጋ ነው። ለቀማው ሳያልቅ፣ በተለይ የክፍያ ዕለት ይምጣ። ካቦው በሌለበት፣ ለቃሚው በሚችለው ቋንቋ ያነጋግረው። ሴቶቹን ሴት ታነጋግራቸው።

«የፈረንጅ ሕግ እኛን አይነካም»

በቀጥታ ባይነካም በገዢው በኩል ይደርሳል። ጀርመን ከኢትዮጵያ ቡና ትልልቅ ገዢዎች አንዷ ናት። ትልልቅ ድርጅቶቿ በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የሰው መብት እንዳይጣስ እንዲከታተሉ የሚያዘው የአቅርቦት ሰንሰለት ሕጓ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የአውሮፓ ኅብረትም በግዳጅ ሥራ የተመረተ ዕቃ ገበያው እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ በ2024 አጽድቋል፤ ተፈጻሚ እንዲሆን የተወሰነው ከታኅሣሥ 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው።

«ችግር ከተገኘ ወዲያው ከአቅራቢው ጋር መቆራረጥ ነው»

ይህ ቆራጥነት ይመስላል። የሚጎዳው ግን ለቃሚው ነው፤ ሥራውን ያጣል፣ ዕዳው አብሮት ይቀራል። ሌላው አቅራቢም ይህን አይቶ የራሱን ችግር መደበቅ ይማራል። መጀመሪያ በዚያኑ ቀን መታወቂያዎቹ ይመለሱ። ሒሳቡ ለቃሚው ባለበት እንደ አዲስ ይሠራ፤ ለደላላ የተቆረጠበት ይመለስለት። መሄድ የሚፈልግ የመኪና ተሰጥቶት ይሂድ። የሥራ ውል ሲቋረጥ የሠራተኛው ገንዘብ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ያዛል። ዱላ፣ ዛቻ ወይም ሕፃን ልጅ ካለበት ጉዳዩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ በሽምግልና አይታለፍም። አቅራቢው ይህን ሁሉ እንቢ ካለ ያኔ ውሉ ይቋረጣል፤ እሱም የለቃሚዎቹ ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ።