«ድሬ ፍቅር ናት» ማለት ብቻውን አያስታምምም፦ ሰውን ስለ መንከባከብ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋን የፍቅር ከተማ እንላታለን። ሐረርም ብትሆን ከዩኔስኮ የሰላም ከተማነት ሽልማት የተቀበለች ናት። እንግዳ ሲመጣብን ሁለቱንም ደረታችንን ነፍተን እናወራለን። ደስ ይላል፤ እውነትም አለው። ግን አልጋ የያዙ አዛውንትን ሌሊት ተነስቶ የሚያገላብጣቸው የከተማው ስም አይደለም። አንድ ሰው ነው። በብዙ ቤት ደግሞ ትናንትም ዛሬም ያው አንድ ሰው ነው።

ስለ ማስታመምና ስለ መጦር ብዙም አንነጋገርም። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ይመስለናል። እስቲ በቡናው ላይ፣ በበርጫው፣ በሆስፒታል በር የሚሰሙ አባባሎችን እያነሳን እንያቸው።

«ሰው ከወደደ ማስታመም አያቅተውም»

ያቅተዋል። ፍቅር ያስጀምራል እንጂ ሥራውን አያስተምርም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ጎኑ መቀየር አለበት። ካልተቀየረ አጥንት ወጣ የሚልበት ቦታ፣ ማለትም ጭራ አጥንቱ፣ ዳሌው፣ ተረከዙ፣ በራሱ ክብደት ይጫናል። ደም አይደርሰውም፤ ቆዳው ይሞታል፤ ይቆስላል። በቀይ ሰው ላይ መጀመሪያ ቅላት ይታያል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ያለ ወይም ሲነኩት ከአካባቢው ሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ካገኛችሁ እሱ ነው። ብዙ አስታማሚ ይህን ሲያይ ቅባት አምጥቶ አጥብቆ ያሸዋል። ከልቡ ነው የሚያሸው። ግን አይታሽም፤ የተጎዳውን ሥጋ ይብስ ይጎዳዋል። መፍትሔው ከዚያ ቦታ ላይ ክብደቱን ማንሳት ነው።

የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። ፍራሹን ሽንት እንዳይነካው ተብሎ ላስቲክ ይነጠፋል። በግንቦት ሙቀት ላስቲክ ላይ መተኛት ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው አልነግርም። ቢያንስ ከላዩ ጥጥ ነገር ይነጠፍ፤ ላብ ሲጠጣም ይቀየር። ውሃውም አለ። ሰው ሲያረጅ የጥማት ስሜቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አያትዎ «አልጠማኝም» ቢሉ ሰውነታቸው ውሃ አልፈለገም ማለት አይደለም። ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ካልከለከላቸው በቀር ትንሽ ትንሽ እያሉ ማጠጣት ነው።

ጆአን ትሮንቶ የተባሉ አሜሪካዊት የፖለቲካ ፈላስፋ መንከባከብን በአራት ነገር ያዩታል፦ የሰውን ችግር ማስተዋል፣ ኃላፊነቱን መውሰድ፣ ሥራውን መቻል፣ እንክብካቤውን የተቀበለው ሰው እንዴት እንዳገኘው ማየት። እኔ የምወደው ሦስተኛውን ነው። «መቻል»ን ከሥነ ምግባር ቆጠሩት። ልብህ ቢነድም ሥራውን ለማወቅ ካልሞከርክ ገና አልተንከባከብክም እንደ ማለት ነው። ከበድ ይላል፤ ግን በቅባት የታሸ ቁስል ያየ ሰው አይከራከረውም።

«ደግ ሰው ሁሉን ነገር ያደርግልሃል»

ሳቢያን ሰፈር የማውቃቸው አንድ የቀድሞ የባቡር ሠራተኛ አሉ። ስትሮክ መታቸው፤ ቀኝ እጃቸው ደከመ። ጠዋት ጠዋት ሽርጣቸውን ራሳቸው ነው የሚያስሩት። በግራ እጃቸው ጫፉን ወገባቸው ላይ ይይዛሉ፤ በቀኛቸው ሌላውን ጫፍ ለመጎተት ይሞክራሉ፤ ያመልጣቸዋል። እንደገና። ያመልጣቸዋል። ልጃቸው ቡናውን ቀድታ ትጠብቃለች። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «አባባ፣ ቆይ እኔ ልሰርልህ» ብላ እጇን ሰደደች።

«ተዪኝ አቦ! እጄ አልሞተም!» አሏት።

ተወቻቸው። ቡናው በረደ፤ ሽርጡ ግን ታሰረ። ትንሽ ወደ ጎን ዞሮ ነበር፤ ቢሆንም ታሰረ።

ነገሩ ግትርነት ብቻ አይደለም። ስትሮክ የመታው እጅ የሚሻለው ደጋግሞ ሲሠራ ነው። ፊዚዮቴራፒ የሚባለውም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። እያንዳንዱን ቁልፍ የምንቆልፍላቸው፣ እያንዳንዱን ጉርሻ የምናጎርሳቸው ከሆነ እጁ እንዲሠራ ምክንያት አናስቀርለትም። ከእጁ በላይ ደግሞ ሰውየው አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ሲሠራ የኖረ ሰው በአንድ ጠዋት ዕቃ ሲሆን ይታየዋል።

ኔል ኖዲንግስ የተባሉ የትምህርት ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1984 ያነሱት ሐሳብ እዚህ ጋ ይገባል። እንክብካቤ የሚሞላው ተቀባዩ እንክብካቤ ሆኖ ሲደርሰው ነው ይላሉ። ሰጪው «እኔ እኮ ለአንተ ስል ነው» ቢል ብቻ አይበቃም። አባትየው ቢጠየቁ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፦ ሩብ ሰዓት።

«ማስታመም የሴት ተፈጥሮ ነው»

አጭር መልስ፦ ልምድ ነው። ወንዱን ማንም አላሠራውም፤ ሴቷን ማንም አላሳረፋትም።

ሕጉም ቢሆን ይህን ልምድ ይዞ ነው የሚሄደው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ፈቃድ አላት። አባት 3 ተከታታይ ቀን። እናት የምታርፍበት ጊዜ ማግኘቷ ተገቢ ነው፤ ሲያንሳት ነው። ግን በሦስት ቀን የትኛው አባት ነው ሕፃን አጥቦ የሚለምደው?

የእንክብካቤ ሥነ ምግባር የሚባለውን ሐሳብ ካስጀመሩት አንዷ ካሮል ጊሊጋን ናቸው። ሴት በተፈጥሮዋ ተንከባካቢ ናት አሉ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 የጻፉት ግን ተቃራኒውን ነው። የሚያወሩለት ድምፅ የሚለየው በጾታ ሳይሆን በጭብጡ መሆኑን ገና በመግቢያው አስቀምጠዋል።

«ዋናው ለቀብር መድረስ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬና ሐረር በዚህ ነገር የሚታሙ አይደሉም። እድሩ አለ። ሐረሪዎች አፎቻ አላቸው፤ የወንዶችም የሴቶችም፤ ለሠርግም ለሐዘንም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩ ይደረደራል፤ ንፍሮው ይደርሳል። ቀሪው ይመዘገባል፤ ይቀጣል። ስሜት ላይ ያልተጣለ ነገር በመሆኑ ነው የሚሠራው። ያዘነም ያላዘነም ይመጣል።

አሁን ያው ሰው ከመሞቱ በፊት ስምንት ወር አልጋ ላይ ነበር እንበል። በስምንቱ ወር ስም የጠራ ማን ነው? ቀሪ የተቀጣ ማን ነው? ማንም። አስታማሚዋ ብቻዋን ውሃ ስታሞቅ ከረመች። በቀብሩ ቀን ግን መንገዱ በሰው ተዘጋ።

ሐዘንተኛን መደገፍ አይናቅም፤ እሱም እንክብካቤ ነው። እኔ የምለው ዘዴውን እናውቀዋለን ነው። ተራ ማውጣት፣ መመዝገብ፣ ማዋጣት፣ መቅጣት። በሀገራችን አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል መርዳትንም ለአረጋውያን መድረስንም ሥራቸው አድርገዋል። ሌሎቹ ምን ያግዳቸዋል? ድንኳን ለመትከል አሥር ጎልማሳ የሚገኝበት ሰፈር፣ ሌሊት ለመቀመጥ ሁለት ሰው አያጣም።

የድሬዳዋውን ደቻቱ ወንዝ አስታውሱ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ሲወጣ ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። ያን ሰሞን ከየአቅጣጫው ብርድ ልብስና እህል መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላስ? እናቱን ያጣ ልጅ ለትምህርት ሲመዘገብ፣ ሲያመው፣ ሌሊት ዝናብ ሲሰማ ሲደነግጥ? ድንገተኛ ችግር ሰውን ያንቀሳቅሳል። ረጅም ችግር ግን ድምፅ የለውም። እንክብካቤ አብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

«ለታማሚው እውነቱ አይነገረውም፤ ተስፋ ይቆርጣል»

ይህን የምንለው በክፋት አይደለም። መርዶ እንኳ በአንዴ የማይነገርበት፣ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ የሚነገርበት ባህል ነው ያለን። ክፉ ወሬ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። ጥሩ ጥበብ ነው።

ቀስ ብሎ መንገርና ጭራሽ አለመንገር ግን ይለያያሉ። በሽተኛው አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። የጠያቂው ብዛት ይነግረዋል፤ በር ላይ የሚደረገው ሹክሹክታ ይነግረዋል። ሲደበቅ የሚያጣው ጊዜውን ነው። ዕዳ አለበት፤ ኑዛዜ አለው፤ ሊታረቀው የሚፈልገው ወንድም ጅቡቲ አለ። ከሁሉ በፊት እሱን መጠየቅ ይሻላል፦ «ሐኪሙ የሚለውን አንተ መስማት ትፈልጋለህ ወይስ ለእኛ ይንገረን?» አንዳንዱ «ለእናንተ ይንገር» ይላል። ያም መብቱ ነው። ምርጫው ግን የእሱ ይሁን።

«ሥጋ ደዌ ያለበትን ሰው መንካት ያስይዛል»

ሐረር ይህን ጉዳይ ከብዙ ከተማ በፊት ታውቀዋለች። የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከመቶ ዓመት በፊት እዚያ ለሕሙማኑ ማረፊያ ነበራቸው። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው ቢሲዲሞም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ነው። ሆኖም ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም።

በሽታው ይድናል። የተቀናጀው መድኃኒት እንደ በሽታው ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወር ይወሰዳል፤ በነፃ ነው። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው በሽታውን ይቋቋማል። እጅ በመጨበጥ አይያዝም። የዳነውን ሰው የሚያስቸግረው የቀረው የነርቭ ጉዳት ነው፤ እግሩ ሕመም አይሰማውም። ሚስማር ቢወጋው ሳያውቅ ይውላል። ስለዚህ ማታ ማታ የውስጥ እግሩን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ስኳር ያለባቸውም እንዲሁ ናቸው። የእናታችሁን የውስጥ እግር ለመጨረሻ ጊዜ ያያችሁት መቼ ነው?

«ጥሩ አስታማሚ ራሱን የረሳ ነው»

ራሱን የረሳ አስታማሚ ወገቡን ያመዋል፤ ይነጫነጫል፤ ቀጥሎ የሚተኛው እሱ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ሌላ የምጨምረው የለኝም።

«ገንዘብ እልካለሁ፤ ስለዚህ እየጦርኩ ነው»

ገንዘቡን አልንቅም። ከውጭ የሚላከው ባይኖር የስንቱ ቤት መድኃኒት ይቋረጥ ነበር። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ልጅ ለወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ቀለብ ሲል ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስና ጤናን ይጨምራል።

ግን ገንዘቡ ራሱ አያጥብም፤ ራሱ አያጎርስም። ቤት ውስጥ የሚያጥብና የሚያጎርስ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች የአሥራ ዘጠኝ ወይም የሃያ ዓመት ሠራተኛ ናት። ቀን ታበስላለች፤ ሌሊት እማማ ሲጣሩ ትነሳለች። ያው አዋጅ 1156/2011 ለግል አገልግሎት የሚደረግን የሥራ ውል አያጠቃልልም፤ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው የተወው። ስለዚህ የዕረፍት ቀኗ፣ የምትተኛበት ሰዓት፣ የሌሊቱ ሥራ ክፍያ በቤቱ ሰው ኅሊና ላይ ያረፈ ነው። እናትህን የምትጦረው እሷ ከሆነች፣ ስትደውል እሷንም «እንዴት አደርሽ፣ ተኝተሻል ወይ?» በላት። ደመወዟ ላይም ጨምርበት።

«በሽተኛ ጋ ባዶ እጅ አይኬድም»

ብርቱካን፣ ሙዝና የታሸገ ጭማቂ ይዞ መሄድ ጨዋነት ነው። ስኳር በሽተኛ አጠገብ አሥር ጠርሙስ ጭማቂ ተደርድሮ አይቼ ግን አውቃለሁ። አምስት ሆኖ ገብቶ፣ ቡና አስፈልቶ፣ ሁለት ሰዓት ተጫውቶ መውጣትም አለ። አስታማሚዋ ያን ቀን የምታጥበው ሲኒ ተጨመረላት ማለት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና ምን እንደጎደለ ጠይቁ። ሳሙና ሊሆን ይችላል፤ አንሶላ ሊሆን ይችላል፤ ለባጃጅ የሚሆን ብር ሊሆን ይችላል። ምንም አልጎደለም ካሉ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ፀሐዩ ሲያቃጥል ብቻችሁን ሂዱ፤ ቡና እንዳይፈላ ንገሩ፤ አስታማሚዋን «በይ አንቺ ሂጂና ተኚ፤ እስከ 11 ሰዓት እኔ አለሁ» በሏት።