«ዘንድሮስ ያድጋሉ?» ስለ ታናናሾቹ የሆኪ ሊጎች ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

አውቶቡስ ነጂ ነኝ። አምስት የውድድር ዘመን አንድ የበረዶ ሆኪ ቡድን ከከተማ ከተማ አመላልሻለሁ። ቡድኑ የሚጫወተው ኢሲኤችኤል በሚባለው ሊግ ነው፤ ከላይ ሲቆጠር ሦስተኛው እርከን ላይ ያለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከወዳጆቼ ጋር ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ ሥራዬ ያነሱና ሁሌም አንድ ነገር ይጠይቁኛል። «ታዲያ ዘንድሮስ ያድጋሉ?»

አያድጉም። ዘንድሮም፣ ለከርሞም፣ አሥር ዋንጫ ቢያነሱም አያድጉም። ይህን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። በሳምንቱ ያው ሰው መልሶ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ያደግነው በእግር ኳስ ነው። ከታች ያለው ሲያሸንፍ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ሲሸነፍ ይወርዳል። የሰሜን አሜሪካ ሆኪ ግን እንዲህ አይሠራም። ከላይ ኤንኤችኤል አለ፤ 32 ክለቦች። ከሥሩ ኤኤችኤል አለ፤ እሱም 32። እያንዳንዱ የኤንኤችኤል ክለብ ኤኤችኤል ውስጥ ልጆቹን የሚያሳድግበት ቡድን አለው። አብዛኞቹ ኢሲኤችኤል ውስጥም ሌላ አላቸው። የዋሽንግተን ካፒታልስን ብንወስድ፣ ከሥሩ ፔንሲልቬንያ ያለው ኸርሺ ቤርስ አለ። ከዚያ በታች ደግሞ ሳውዝ ካሮላይና ስቲንግሬይስ።

እስቲ ኸርሺን ተመልከቱ። ከ1938 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤኤችኤል ውስጥ ነው። የሊጉን ዋንጫ፣ ካልደር ካፕን፣ 13 ጊዜ አንስቷል። በ2023-24 ከ72 ጨዋታ 53ቱን አሸነፈ። ዋንጫውንም ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት ወሰደ። ከዚያስ? ውድድሩ ሲጀመር እዚያው ሊግ፣ እዚያው አዳራሽ ተመለሰ። ፍሎሪዳ ኤቨርብሌድስም የኢሲኤችኤልን ኬሊ ካፕ በ2022፣ በ2023 እና በ2024 አከታትሎ ወስዷል። ዛሬም እዚያው ነው።

የሚያድገው ሰው ነው። በ2018 ካፒታልስ የኤንኤችኤልን ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ሲያነሳ በረኛው ብሬደን ሆልትቢ ነበር። ከዓመታት በፊት በስቲንግሬይስም በኸርሺም በር ላይ ቆሟል። በዚያው የካፒታልስ ቡድን የነበረው ጄይ ቢግል ኬሊ ካፕን፣ ካልደር ካፕን እና ስታንሊ ካፕን ሦስቱንም ያነሳ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። አሰልጣኙ ስፔንሰር ካርበሪም በዚሁ መሰላል ነው የወጣው። መጀመሪያ ስቲንግሬይስን፣ ቀጥሎ ኸርሺን፣ ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ካፒታልስን ይዟል። በሦስቱም ሊጎች የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሏል።

ይህ በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አንድ የካቲት ወር፣ ቅዳሜ ተጫውተን እሑድ ከሰዓት ለሚደረገው ጨዋታ በሌሊት እየነዳሁ ነበር። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ የአሰልጣኙ ስልክ ጠራ። ወደ ኋላ፣ ወደ ተደራራቢ አልጋዎቹ ሄደና የአንዱን መጋረጃ ገለጥ አደረገ። ተመልሶ «የሚቀጥለው ነዳጅ ማደያ ላይ አቁምልኝ» አለኝ። ኤኤችኤል ውስጥ ሰው ተጎድቶ ነበር። የእኛ ዋና ጎል አግቢ ተጠራ።

ወርጄ የሻንጣውን በር ከፈትኩለት። ቦርሳው ገና ከጨዋታው እርጥብ ነበር። ዱላዎቹን በፕላስተር አሰረ። ልጆቹ በነጠላ ጫማ በረዶው ላይ ወጥተው አንድ በአንድ አቀፉት። ትራሱን ለበረኛው ሰጠና ታክሲ ውስጥ ገባ። እሑድ ያለ እሱ ተጫወትን፤ ተሸነፍን። አሰልጣኙ አላማረረም፤ ሥራው ይህ ነውና። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ልጁ ወረደ። ሁለት ጨዋታ ተሰልፎ ነበር። አውቶቡስ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ትራሱን ከበረኛው መቀበል ነው።

ስለዚህ አንድ የታች ቡድን ጥር ላይ አንደኛ ሆኖ መጋቢት ላይ ቢንሸራተት «ሰነፉ» አትበሉ። መጀመሪያ ማን እንደተጠራ እዩ። እነዚህ ልጆች በየሳምንቱ ጓደኛቸውን ይሸኛሉ፤ ከዚያም በማግስቱ ይጫወታሉ። እኔ ከዚህ የበለጠ የማከብረው ስፖርተኛ የለም።

ሌሎቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ላንሳቸው።

«ሚሊየነሮች ናቸው።» አይደሉም። ኤንኤችኤል ውስጥ በ2024-25 ዝቅተኛው የዓመት ደመወዝ 775,000 ዶላር ነበር። ኢሲኤችኤል ውስጥ ክፍያው በሳምንት ነው፣ ያውም ውድድሩ እስካለ ድረስ ብቻ። ቤት ቡድኑ ይሰጣል። በበጋው ልጆቹ ሌላ ሥራ ይሠራሉ። አንዱን ጣራ ሲጠግን አግኝቼዋለሁ።

«ድብድብ ነው እንጂ ስፖርት አይደለም።» የተደባደበ አምስት ደቂቃ ይቀጣል። ኤኤችኤል ውስጥ በአንድ የውድድር ዘመን ለ10ኛ ጊዜ የተደባደበ አንድ ጨዋታ ይታገዳል።

«አቻ ወጡ።» አቻ የለም። ሦስት ለሦስት ሆነው በተጨማሪ ሰዓት ይጫወታሉ፣ ካልሆነ በመለያ ምት ይለያያሉ። ያሸነፈ ሁለት ነጥብ፣ በዚያ የተሸነፈ አንድ ነጥብ ያገኛል።

«በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት።» እኔ ታዲያ ምን እሠራለሁ?

አሁን ምክሬን ስሙኝ። ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኸርሺ ሂዱ። በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወስድባችሁ ነው። ጃኬት ያዙ፤ አዳራሹ ውስጥ ይበርዳል። መጀመሪያ ቀን ሜዳውን የከበበው መስታወት ሥር አትቀመጡ፤ ጨዋታው የሚገባችሁ ከፍ ብላችሁ ስታዩት ነው። ፓኳ፣ በዱላ የሚመቷት ጠፍጣፋ ጎማ፣ ከጠፋችባችሁ የተጫዋቾቹን ትከሻ ተከተሉ፤ ሁሉም ወደ እሷ ነው የሚዞሩት። ተጫዋች ሲቀየር «ደከመው እንዴ?» አትበሉ፤ አንድ ሰው በረዶው ላይ የሚቆየው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው።

ከቻላችሁ ተመልካቹ የአሻንጉሊት ድብ ወደ በረዶው የሚወረውርበትን ቀን ምረጡ። ጥር 2025 ላይ ኸርሺ ውስጥ 102,343 አሻንጉሊት በረዶው ላይ ወርዷል። ተሰብስቦ ለበጎ አድራጎት ነው የሚሰጠው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ግዙለት። የሚወረወረው ግን ባለሜዳው የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ነውና እስከዚያ ድረስ እጃቸውን ያዙ።