ቮልስ፦ የንድፉ ታሪክና የመለዋወጫው ነገር

ቮልስ፣ በሙሉ ስሙ ቮልስዋገን፣ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ የቤት መኪና ነው። ከ1938 እስከ 2003 (ዓመታቱ ካልተገለጸ በቀር እንደ አውሮፓውያን ናቸው) 21,529,464 ቮልሶች ተመርተዋል። የመጨረሻው የወጣው ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ ነበር።

መሐንዲሱ ፈርዲናንድ ፖርሽ የንድፉን ሥራ የተረከበው በ1934 ነው። አካሉን ኤርቪን ኮሜንዳ፣ ሞተሩን ፍራንስ ራይምሽፒስ ነደፉ። የቼኮስሎቫኪያው መኪና አምራች የታትራ መሐንዲስ ሃንስ ሌድቪንካ ቀድሞ ተመሳሳይ መኪና ሠርቶ ስለነበር ንድፉ ከእሱ ተወስዷል የሚሉ አሉ፤ ክርክሩም በ1960ዎቹ በካሳ ተዘግቷል። ቮልስን ለዓለም ያበቃው ግን ያለጥርጥር የፖርሽ ቡድን ሥራ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በጀርመን ያለው ፋብሪካ በግዳጅ ሠራተኞች ወታደራዊ ተሽከርካሪዎችን ያመርት ነበር።

ከ1945 ጀምሮ እንግሊዛዊው ሻለቃ አይቫን ኸርስት የፈራረሰውን ፋብሪካ አስነሣ። በ1948 ኃላፊነቱን የተረከበው ሃይንትስ ኖርድሆፍ ቅርጹን ሳይነካ ውስጡን ያለማቋረጥ አሻሻለ። ለሁለት የተከፈለው የኋላ መስታወት በ1953 ወጥ ሞላላ ሆነ፤ ለ1958 ሞዴል ደግሞ ሰፋ። 25 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በ1954 ወደ 30፣ ለ1961 ሞዴል ወደ 34 ከፍ አለ። ከጎን ብቅ የሚለው የመታጠፊያ ምልክት በአውሮፓ በ1960 በፍሬቻ መብራት መተካት ጀመረ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በነሐሴ 1967 ነው፦ የፊት መብራቱ ቀጥ አለ፣ ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው) ወፍራም ሆነ፣ ኤሌክትሪኩም በአብዛኞቹ ሞዴሎች ከ6 ወደ 12 ቮልት ተሸጋገረ። የካቲት 17 ቀን 1972 በ15,007,034ኛው መኪና የፎርድን ሞዴል ቲ ክብረ ወሰን ሰበረ።

በኢትዮጵያ ቮልስ የታሪክም ምስክር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ መኪና ነበር። ዛሬም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በክብር ይታያል።

ዕድሜው የረዘመው ለጥገና ስለሚመች ነው። አራቱም ፓራፋንጎዎች (የጎማ መከለያዎች) በብሎን የተያዙ በመሆናቸው የተጎዳው ብቻ ይለወጣል። ሞተሩ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው፤ ልምድ ያለው መካኒክ ፈትቶ ለማውረድ ብዙ አይቸገርም። ራዲያተርና ውኃ የለም። ቺንጋው (የማዞሪያ ቀበቶው) ግን ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ማራገቢያ አብሮ ስለሚያዞር የባትሪው ቀይ መብራት ከበራ ወዲያውኑ መቆም ግድ ነው። ያለዚያ ቴስታታው (የሞተሩ የሲሊንደር ክዳን) በሙቀት ይበላሻል።

መለዋወጫ ሲገዛ የሚያሳስተው የቅርጹ አለመለወጥ ነው። ባለ አምስት ቀዳዳ ቸርኬ በባለ አራቱ ላይ አይገባም፤ የ6 ቮልት ሞተሪኖም (ሞተር ማስነሻም) ለ12 ቮልት አልተሠራም። በአዲስ አበባ በመለዋወጫ ንግድ ወደሚታወቀው ሶማሌ ተራ ከመውረድ በፊት ከኋላ መቀመጫው ሥር የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር ማየት ይገባል፦ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት መጨረሻ ያሳያል፤ 118 ብሎ የሚጀምር የ1968 ነው። የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ በመሆኑ በ1967 መጨረሻ የተሠራ መኪና የ1968 ክፍል ይፈልጋል። ርካሹ ባለ 1200 ሞተር ደግሞ የቀድሞዎቹን ክፍሎች ለዓመታት ይዞ ስለቆየ ለእሱ ዓመቱ ብቻ አይበቃም፤ አሮጌውን ዕቃ ይዞ ሄዶ ማስተያየት ያስፈልጋል።