አብላጫ ድምፅ ምንድን ነው?

አገር አቀፍ ምርጫ በቀረበ ቁጥር ጅማ ውስጥ፣ ሄርማታም ሆነ ፈረንጅ አራዳ፣ ቡና ቀርቦ ጨዋታ ሲያዝ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ቃል አለ፤ «አብላጫ ድምፅ»። ብዙ ሰው ቃሉን «ከግማሽ በላይ» ብሎ ይረዳዋል። በሕጋችን ግን ትርጉሙ ይህ አይደለም፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የአገሪቱ መንግሥት እንዴት እንደሚመሠረት የሚወስነው እርሱ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩት እጩዎች መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው እንደሚሆን ይደነግጋል። አብላጫ ማለት እዚህ ላይ ከሌሎቹ ከእያንዳንዳቸው መብለጥ እንጂ ከድምራቸው መብለጥ አይደለም። በዕድር የጠቅላላ ጉባኤ ቀን ሦስት ሰው ተጠቁሞ ዳኛ ሲመረጥም የምናደርገው ይኸው ነው፤ ብዙ እጅ የወጣለት ይሰየማል፣ ለሁለቱ የወጡት እጆች ተደምረው ቢበልጡትም ምርጫው አይፈርስም።

30,000 ሰው ድምፅ የሰጠበትን አንድ የምርጫ ክልል እናስብ። አንደኛው እጩ 11,000፣ ሁለተኛው 10,000፣ ሦስተኛው 9,000 ድምፅ ቢያገኙ ወንበሩን የሚወስደው 11,000 ያገኘው ነው። የቀሩት 19,000 መራጮች ሌላ ሰው ፈልገው ነበር፤ ሆኖም ድምፃቸው ወደ ጎረቤት ምርጫ ክልል አይሻገርም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ለፓርቲያቸው አይጠራቀምም፣ ሁለተኛ ዙር ምርጫም አይጠራላቸውም። ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው ለየብቻ የሚወዳደሩ ፓርቲዎች ደጋፊዎቻቸውን ተከፋፍለው ወንበሩን ለሦስተኛ ወገን የሚያስረክቡት በዚህ መንገድ ነው፤ ፓርቲው በበዛበት አገራችን ይህ ከምሳሌነት ያለፈ ነገር ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለተኛ አብላጫ ይመጣል፤ ሰዎች ከመጀመሪያው ጋር የሚያምታቱትም ይህንኑ ነው። በአንቀጽ 56 መሠረት መንግሥት የሚመሠርተው በምክር ቤቱ አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጣምራ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ድምፃቸውን የሰጡት እዚሁ በጅማ ዞን፣ በትውልድ ቦታቸው በሻሻ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ የቀረበው ጥያቄ ግን፣ በሻሻም ይሁን ሌላ ቦታ፣ የምክር ቤት አባል ማን ይሁን የሚል እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ይሁን የሚል አልነበረም። ስለዚህ አንድ የጅማ መራጭ ለአካባቢው እጩ ሲመርጥ፣ ቢያስበውም ባያስበውም፣ የአገሪቱን አስፈጻሚ አካል እየመረጠ ነው።

የዚህ ሥርዓት ጠባይ በእኛው ምርጫዎች ተደጋግሞ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ያኔ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ ከ547 መቀመጫዎች 327ቱን ሲያገኝ ተቃዋሚዎቹ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 አግኝተው ነበር፤ በውጤቱ ላይ የተነሣው ውዝግብ የሰው ሕይወት እስከመቅጠፍ ደርሷል። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545ቱን ያዙ፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በቅድሚያ በተገለጸው ውጤት ብልጽግና ፓርቲ ከ436 መቀመጫዎች 410ሩን አገኘ። ይህ ሁሉ የቆጠራ ስልቱ ብቻ ውጤት ነው ብል መራጩን አሳስታለሁ፤ የፖለቲካ ምኅዳሩ መጥበብ የራሱ ድርሻ ነበረው፣ በ2013 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ውጭ እንደነበሩም እናስታውሳለን። ነገር ግን ምርጫው ፍጹም ነጻ ቢሆንም እንኳ ስልቱ የአሸናፊውን ድርሻ ማግዘፉ አይቀርም። ለዚህ ብሪታንያ ጥሩ ማሳያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የሌበር ፓርቲ ከድምፁ 34 ከመቶ ገደማ አግኝቶ ከ650 መቀመጫዎች ከ400 በላይ ወስዷል። በዚያው ዓመት ተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ መጠን መቀመጫ የሚያገኙበትን ስልት፣ በምትከተለው ደቡብ አፍሪካ ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ 40 ከመቶ ድምፅ ሲያገኝ የደረሰው ከ400 መቀመጫዎች 159 ብቻ ስለነበር ከሌሎች ጋር ጥምር መንግሥት ለመመሥረት ተገድዷል።

የመቀመጫው ቁጥር መግዘፍ ዋና መዘዙ በሕገ መንግሥቱ ማሻሻያ ላይ ይታያል። አንቀጽ 105 የመብቶችን ምዕራፍ ለማሻሻል ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለብቻው፣ ለሌሎቹ ድንጋጌዎች ደግሞ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር በሚያደርገው የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ከ547 365 መሆኑ ነው። 327 መቀመጫ የያዘ ፓርቲ ብቻውን እዚያ አይደርስም፤ 545 የያዘው ግን በዚህ ምክር ቤት በኩል የማንንም ስምምነት አይሻም። የሚቀረው የፌዴሬሽን ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች ይሁንታ ነው።

ሥርዓቱ በጎ ጎንም አለው፤ እኔም አቃልዬ አላየውም። መራጩ ወኪሉን በስም ያውቀዋል፣ መንገድ ሲበላሽ ወይም ቡና አምራቹ ሲበደል አቤት የሚልበት አንድ ሰው አለው፤ አመኔታ ሲያጣበትም ከአባልነት ሊያነሣው እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድለታል። በተመጣጣኝ ውክልና ፓርቲው በዝርዝር የሚያቀርባቸውን ሰዎች አብዛኛው መራጭ በቅርብ አያውቃቸውም። ሁለቱን ለማስታረቅ ቅይጥ የሚባል ስልት አለ፤ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ባደረገው ድርድር ይኸው ስልት ተነሥቶ ተወያይተውበታል። እንደ እኔ እምነት ያ ውይይት እንደገና ሊከፈት ይገባዋል። ሆኖም አብላጫ ድምፅ በምርጫ አዋጅ ብቻ ሳይሆን በራሱ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ በመሆኑ፣ ለውጡ የሚያልፈው በዚያው በአንቀጽ 105 በር፣ በዚሁ ስልት ወንበር ባገኙ ተመራጮች እጅ ነው።